የመውደቅ ልምምድ

መድኃኒቱ ጉንጯን ከነፋው ጊዜ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ ባይ ሆነ። "ተመችቶሻል!" ይላታል ባለሱቁ። "ምን በልተሽ ነው?" ትላታለች ጎረቤቷ፣ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ። ድሮ በስፌት ቤቱ "ስንጥር" ነበር የምትባለው፤ አሁን "ጉንጮ" ሆናለች። ገና የሀያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሐኪሟ እንደነገራት፣ ሰውነቷ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ መገጣጠሚያዎቿን ይወጋል፤ ክኒኑ ያስታግሰዋል፣ ፊቷን ግን ያሳብጠዋል። ሰዉ እንግዲህ የሚያደንቀው እብጠቱን ነው። ምን ይደረግ፣ ጉንጭ ይታያል፤ ጉልበት ውስጥ ያለ እሳት አይታይም።

ሥራዋ የተማሪዎች ዩኒፎርም መተኮስ ነው። ትወደዋለች። የተጨማደደ ኮሌታ ካውያው ስር ሲቃና ባየች ቁጥር ዛሬም ደስ ይላታል። ከቀትር በኋላ ግን ቁርጭምጭሚቷ መጮህ ይጀምራል፣ ያኔ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ ሀያ ዓመት ቆመው ተኩሰው ነው ለዚህ የበቁት። "ቁጭ ተብሎ ሲተኮስ የት አይተሻል?" ይላሉ። "ደግሞ አንቺ ምን ጎደለሽ? ጉንጭሽ ሊፈነዳ ደርሷል!" ሕመሙ ሲብስባት ሁለት ጊዜ ሥራ አቋርጣ ወደ ቤቷ ሄዳለች። በሁለተኛው ላይ የእትዬ ቀልድ አለቀ።

"ሦስተኛ ጊዜ ከወጣሽ፣ በዚያው ቅሪ" አሏት።

የሐኪሙ ወረቀት ከስምንት ወር ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። እንዳታወጣው የከለከለቻት እናቷ ናት። እናቷ ለሰው ሁሉ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች የምትመክር ሴት ነች፤ ወደ ልጇ ሲመጣ ተረቱ ጠፋባት። "የሰው አፍ አታውቂም? በሽተኛ የሚል ስም አንዴ ከወጣብሽ ማን ያገባሻል? ደግሞ ድነሻል እኮ፣ ፊትሽን አታዪም?" ልጅቱም "ደህና ነኝ" ማለትን ለመደች። ልቧ ግን ይናፍቅ ነበር። ደረጃ ሁለት ሁለቱን ትወጣባቸው የነበሩት እግሮቿ ይናፍቋታል፤ ያ ስንጥር ፊቷ ይናፍቃታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ "አሞሻል?" ብላ እንድትጠይቃት ትመኛለች።

መላ ያመጣችላት እዚያው ስፌት ቤት የልብስ ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ ናት። "ስሚ ጉንጮ፣ አንድ ቀን እትዬ ፊት ዘጭ በይ። ያን ጊዜ እንኳን ወንበር፣ አልጋም ያመጣሉ።"

"ውሸት ነዋ!"

"መታመምሽ ነው ውሸቱ?"



እሑድ ረፋድ ላይ መኝታ ክፍሏን ዘግታ ልምምድ ጀመረች። የታመመ ሰው የታመመ ለመምሰል ሲለማመድ ያስቃል፤ እሷንም አሳቃት። መጀመሪያ ቀስ ብላ ወደቀች፤ ራሷን የሳተች ሳይሆን እንቅልፍ የያዛት መሰለች። በሁለተኛው እጇ ቀድሟት አልጋውን ጨበጠ። ሦስተኛው ግን ልምምድ አልነበረም። ጉልበቷ ከዳትና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

እናቷ የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች በሩን በርግዳ ገባች። "ምን ሆንሽብኝ?"

"ምንም… እየተለማመድኩ ነው።"

"ምን?"

"መውደቅ። ካልወደቅሁ ማንም አያምነኝም፣ እማ።"

እናቷን ሳቅ አመለጣት። ልጅቱም ሳቀች። ከዚያ ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። እናት ቢላዋዋን አስቀምጣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ የሚቆነጥጠውን ጉንጭ ትታ ጉልበቷን ዳሰሰች። ይፋጃል።

"አሞሻል?" አለቻት።

"አዎ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ይቺን ጥያቄ ስምንት ወር ጠብቃታለችና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ስለ መቆሙም፣ ስለ ወንበሩም፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ሰኞ ጠዋት አልወደቀችም። ወረቀቱን አውጥታ ለእትዬ ሰጠቻቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ቀና ብለው አዩዋት።

"ግን እኮ አምሮብሻል!"

"ያሳማረኝ መድኃኒቱ ነው፣ እትዬ። ይሄ የእኔ ፊት አይደለም። የራሴ ፊት ናፍቆኛል።" ወደ ካውያው አመለከተች። "ሥራውን እችለዋለሁ። የማልችለው መቆሙን ነው።"

የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እትዬ ወረቀቱን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

"ትርፍ ወንበር የለኝም" አሉ በመጨረሻ። እምቢ ማለታቸው ይሁን ይቅርታ መጠየቃቸው አልለየም።

"እኔ አለኝ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል።

እናቷ ነበረች። ሽንኩርት የምትልጥባትን ያቺን ከፍ ያለች የማድ ቤት ወንበር ታቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና ቆማለች። "እዚች ላይ ትቀመጥ። ልጄ በሽተኛ ናት" አለች፣ ስፌት ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። እትዬ ገለል ብለው አሳለፏት።

ያን ቀን ልጅቱ እስከ መውጫ ሰዓት ተቀምጣ ተኮሰች። አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ እናቷ ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች። ወንበሯ በነበረችበት ቦታ አራት የእግር ምልክቶች ወለሉ ላይ ቀርተዋል። እናቷ አንዱን እግሯን አንስታ ታሳርፋለች፤ ደግሞ ሌላውን። ልጅቱ ይሄንን እግር መቀያየር ታውቀዋለች፤ ካውያ ይዛ ስምንት ወር ሙሉ ስታደርገው የከረመችው ነው።

"እማ፣ እግርሽን ያምሻል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ" አለች እናቷ፣ ዞር ሳትል።

ልጅቱ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የእናቷን ቁርጭምጭሚት በእጇ ያዘችው። አብጧል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለቻት።