ለመልቀቅም ጉልበት ያስፈልጋል

መምህር ግሩምን የወልቂጤ ተማሪዎቹ «ድንጋይ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል፣ ከእሱ ግን ግማሽ ማርክ አይወጣም» ይሉታል። ለተሳሳተ መልስ ራርቶ አያውቅም። ሐሙስ ከሰዓት ስለ ጡንቻ ሲያስተምርም ሁሉም አንድ ጥያቄ ስተውበት ተቆጣ። ጡንቻ ጉልበት የሚፈልገው ለመጨበጥ ብቻ ሳይሆን ጨብጦ ለመልቀቅም ነው አላቸው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከምንበላው ምግብና ከምንተነፍሰው አየር ነው። ሰው ሲሞት ግን ምንጩ ይነጥፋል፤ ገላው መጀመሪያ ይልፈሰፈስና ሰዓታት ሲያልፉ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ የያዘውን የሚለቅበት አቅም የለውማ።

ማምሻውን እናቱ ዓለምዘውድ ከቡታጅራ ደውላ ደረቷን ውግት እንዳደረጋት ነገረችው። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ አላት። እሺ አለች፤ እናት መቼ እምቢ ትላለች።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ ዘርፈሽዋል ደውላ እናትህን አሟታልና ቶሎ ና አለችው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ፈጣሪውን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ባልደርስላት እንኳ ብቻዋን አትሁን። ሲደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል።

ዘርፈሽዋል አንገቱን አቀፈችው። «አሁን፣ አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ነው ልጄ። እጇን ይዣት፣ ስምህን እየጠራች አረፈች» አለችው።

አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የእናቱን እጅ ያዘ። ጣቶቿ የጋቢውን ጫፍ ጨብጠዋል። ሊያላቅቃቸው ቢሞክር እምቢ አሉ። ክርኗም አልታጠፍ አለው። አለማወቅ ደጉ! የጠዋቱ «አሟታል» ለካ መርዶ ነበር። እናቱ ያረፈችው ሌሊቱን ነው፤ ምናልባትም እሱ ስልኩን እንደዘጋ። ያኔ አጠገቧ ማንም አልነበረም። ቀና ሲል ዘርፈሽዋል ዓይኗን ሰበረች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት።

ከዚያ ሁለቱም የእናቱን ጣቶች ለብ ባለ ውሃ እያሹ አንድ በአንድ አላቀቁ።

እህቱ ምስጋና ከአዲስ አበባ እየመጣች መንገድ ላይ ሆና ደወለች። ለቅሶዋ ጋብ ሲልላት፣ «ብቻዋን ነበረች?» ብላ ጠየቀችው።

ግሩም የዘርፈሽዋልን እርጥብ እጆች አየ።

«አልነበረችም» አላት። «እጇን ተይዛ፣ ስማችንን እየጠራች ነው ያረፈችው።»