የማለዳው መርፌ

«ወንድሜን በረሃብ ነው የጨረሰችው» አሉ የሟች ታላቅ እህት፣ ማድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቁ። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ሲያንሾካሹኩም ጎረቤት ድረስ የሚሰሙ ሴት ናቸው። «ጣፋጭ የለ፣ ቅባት የለ፣ ጨው የለ! ይሄ ኑሮ ነው?»

ሚስቲቱ ሳሎን ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። አልተቆጣችም። እህትየው ያሉት፣ እሷው ራሷ ከቀብሩ ወዲህ ለራሷ ስትለው የከረመችውን ነገር ነበር። ባሏ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የልጅ ልጃቸው ልደት ላይ ቁራሽ ኬክ አንስቶ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል በሰው ፊት ከእጁ ቀምታዋለች። እሱም ሳቅ ብሎ ጣቱን ላሰ። ምናለ ብተወው? አሁን ለቀስተኛው «እግዜር ያጽናሽ» ባላት ቁጥር፣ የመጨረሻ ዘመኑን አመረርኩበት ይሆን የሚለው ጥያቄ ይመጣባታል።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪው «ቀስ በሉ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የቸኮለ ሰው ከሱ አውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ስኳር እንዳለበት የተነገረው ቀን ሐኪሙ ያዘዘውን ሁሉ እሺ ብሎ ተቀበለ። እሺ ማለቱ ምን ይከብዳል? ሥራው ግን እሺ አላለም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ መንገድ ሲዘጋጋ ምሳ ሰዓቱ ያልፋል፣ ውሃ እንዳይጠጣ ደግሞ ሽንት ቤት ያለው መስመሩ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ቋጥራ የሰጠችው አትክልት ብዙ ጊዜ እንደሄደ ይመለሳል። ከሁሉ የባሰው የኢንሱሊን መርፌው ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው መድኃኒት አልጎድል ሲላት ነቃችበት።

«ለምንድን ነው የማትወጋው?»

«እረሳዋለሁ።»

«ፍሬን መያዝስ ትረሳለህ?»

ኮቱን አንስቶ ወጣ። እሷም ይሄ ሰው ወይ መኖር አስጠልቶታል፣ ወይ እኔን ንቆኛል እያለች ስታብሰለስል ኖረች። ጡረታ በወጣ ማግስት ግን ሌላ ሰው ሆነ። መርፌውን በሰዓቱ ይወጋል፣ የሰጠችውን ይበላል። ምን እንደለወጠው ጠይቃው አታውቅም፤ ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርታ።

ከሰዓት በኋላ፣ አንዱን አውቶቡስ ከባሏ ጋር በፈረቃ ሲነዳ የኖረው፣ ዛሬም የሚነዳው ባልደረባው መጣ። በር የሚጠበው ግዙፍ ሰው ነው። እህትየው ለስላሳ ከፍተው አቀረቡለት።

«ይቅርብኝ እማማ፣ ስኳር አለብኝ።»

«አንተም? ያ መኪና ነው እንዴ የሚያስይዘው!»

«መኪናውስ አያስይዝም» አለ ባልደረባው። «መታከሙን ግን ያከብደዋል።» ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «እትዬ፣ ያን የቁልቁለቱን ነገር ነግሮዎት ያውቃል?»

«የምን ቁልቁለት?»

«አንድ ቀን ፈረቃ ልቀይረው አብሬው ተሳፍሬ ነበር። መርፌውን ተወግቶ ወጥቷል፤ ቁርስ ለመቅመስ ግን ጊዜ አጣ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ስጠራው አይመልስልኝም። እንደምንም ዳር ይዞ አቆመው። ከኋላችን ሰው ጢም ብሏል። ከአንዲት ተማሪ ጭማቂ ለምኜ አጠጣሁት። ነፍሱን ሲያውቅ መጀመሪያ ያለው ምን መሰለዎት? ‹የተጎዳ ሰው አለ?›»

«ለኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።»

«ቢነግርዎት ሥራህን ተው ይሉታላ። ለሐኪሙ ቢናገር ደግሞ መንጃ ፈቃዱን የሚነጥቁት መሰለው። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን የማለዳውን መርፌ ወግቶ አያውቅም። ‹ስኳሬ ቢወጣ የምጎዳው እኔ ነኝ፤ ቢወርድ ግን ስንት ሰው ይዤ ነው የምሄደው?› ይለኝ ነበር።»

ሚስቲቱ አሁን ገባት። ያ ሁሉ ዘመን ንቀት የመሰላት ነገር ለሰው ሕይወት መሳሳት ነበር። ሞኝ! አለችው በልቧ፤ ወዲያውም፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ስለሰጠኸኝ ተመስገን አለች።

«ጡረታ ሲወጣ ደግሞ እርስዎን ማማት ጀመረ» አለ ባልደረባው። «ስልክ በደወልኩ ቁጥር ኬክ ቀማችኝ፣ ጨው ደበቀችብኝ ነው። ሲያማርር ግን ድምፁ የሙሽራ ነው። ‹የምትቀማኝ ሚስት ባትኖረኝ ይሄኔ የለሁም› ይላል። እኔ ቤት የሚቀማኝ የለም፤ እንዳሻኝ ነው የምበላው።»

ሊያስቃቸው ፈልጎ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። እህትየው ለስላሳውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሊሄድ ሲነሳ ሚስቲቱ እግሩን አየች። ካልሲው ተረከዙ ላይ ረጥቧል።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«ምን ሆንኩ? ምንም አልተሰማኝም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ጫማህን አውልቅ!»

«እትዬ፣ በሰው ፊት?»

«አውልቅ አልኩህ!»

ባሏን የምትቆጣበት ድምፅ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ገና አሁን መውጣቱ ነው። ካልሲው ሲወልቅ ጫማው የላጠው ቁስል ታየ፤ ስንት ቀን እንደረገጠበት እግዜር ይወቅ።

«የማለዳውን መርፌ አንተም ትተዋለህ አይደል?»

«በሥራ ቀን ብቻ» አለ ባልደረባው።

«ነገ ሐኪም ቤት አብረን ነው የምንሄደው። ምን እንደምትፈራ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው፤ ሰዓቱንም መጠኑንም ከሥራህ ጋር ያስማማልሃል።»

«ለቅሶ ላይ ተቀምጠው?»

«እሱ ቢኖር ይልከኝ ነበር።»

እህትየው ከማድ ቤት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ። ከወንድማቸው ሚስት አጠገብ ተንበርክከው ፎጣውን ዘረጉላት።

ሚስቲቱ ቁስሉን በስሱ አጥባ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ ለባሏ ማታ ማታ ታደርግለት እንደነበረው፣ ስኳሩ አደንዝዟቸው እንደሆነ ለማወቅ ጣቶቹን በየተራ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን ማድረግ ጀመረች።

«ይቺ ትሰማሃለች?»

«አትሰማኝም።»

«ይቺኛዋስ?»

«እሷም።»

ትንሿ ጣት ላይ ደረሰች።

«እሷ ትሰማኛለች።»

«ተመስገን» አለች ሚስቲቱ፤ ጣቲቱንም በመዳፏ ጨብጣ ሳትለቃት ቆየች።