እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ

የፀደንያ አፍ ከእግሯ ቀድሞ እንደሚደርስ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም። እናቷ ጥሩሸዋ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ያለቀሰችው አዋላጇን ለመሳደብ ነው» ትላለች። ዘንድሮ ግን ያ አፍ ሥራ ሊያገኝ ነው። ጓሳ የተባለውን ጥብቅ የሣር ምድር የሚጠብቀው የአገሬው ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጡ እንግዶች የሚያስተረጉም ልጅ ፈልጓል፤ ምርጫውም ለአጎቷ ለአቶ አባይነህ ተትቷል።

ችግሩ እጩው አንድ አለመሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን አድጎ ዘንድሮ የተመለሰው የአክስቷ ልጅ ቃለአብም አለ። ቃለአብ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፣ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛል፣ እንግሊዝኛው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ፀደንያ ገና አሥረኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋም እንደ ቧንቧ ሳይሆን እንደ መሐል ሜዳ ቧንቧ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል። ግን ያንን ሥራ ከማንም በላይ ፈልጋዋለች። ተወልዳ ካደገችበት አገር በላይ ምን ታስጎበኝ?

በዚያ ሳምንት መምህር ነቢዩ ያስተማሯት ነገር ደግሞ ጭራሽ ራሷን አዞረባት። እኛ «የት እንደሚኖር ማወቅ» እንላለን፤ ጥያቄው ይቀድማል፣ ማወቁ ይከተላል። እንግሊዝኛ ግን ማወቁን ፊት አድርጎ ጥያቄውን ከኋላ ያስከትለዋል፤ «ቱ ኖው ዌር ሂ ሊቭስ»። ፀደንያ ደግሞ መሃሉ ላይ «ደዝ» የምትባል ቃል ካልሸጎጠች ጥያቄ የጠየቀች አይመስላትም።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አይደል እንዴ? ደዝ የት ገባች?»

«ጥያቄ ውጭ ብቻውን ሲቆም ዱላውን ይዞ ነው» አሉ መምህር ነቢዩ። «ሌላ ዐረፍተ ነገር ቤት ሲገባ ግን እንግዳ ነው። እንግዳ ዱላውን የት ይተዋል?»

«ደጃፍ።»

«ደዝም ደጃፍ ቀረች።»

«በዚህ ብርድ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቅ ሲያመልጣቸው ወደ ሰሌዳው ዞረው አንዲት አጭር ነገር ጻፉ፤ «ሃው ቱ አስክ»። እንዴት እንደሚጠየቅ ማለት ነው። «ይቺ ደግሞ ማን እንደሚጠይቅ አትናገርም፣ መቼ እንደሆነም አትናገርም። የቀረውን ቦታውና ሰዉ ይሞላዋል» አሏቸው። ፀደንያ ይህን ወደደችው፤ አጭር ነዋ።

ቅዳሜ እንግዳዋ መጣች። ማርያን ትባላለች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉንጯ በብርዱ እንደ ቲማቲም የቀላ ሴት ናት። የመጣችው ባና የሚባለው የበግ ፀጉር ልብስ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ስለሆነ የበግ ባለቤት ማነጋገር ፈለገች። አቶ አባይነህም «ቤቴ ትምጣ፤ ሁለቱም ልጆች ይሞክሩ» አሉ። አጎዛ ተነጠፈላት፣ የገብስ ቆሎ ቀረበላት፣ ጠላውንም ቀመስ አድርጋ ፊቷን ሳታጨማድድ ቀረች። ጥሩ ምልክት ነበር።

«በዕድሜ እኔ ስለምበልጥ እኔ ልጀምር» አለ ቃለአብ።

«በቁመትም ትበልጣለህ፤ ጀምር» አለች ፀደንያ።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ ጥሩ ጀመረ። በጉ መቼ እንደሚሸለት፣ ፀጉሩን ማን እንደሚፈትለው፣ ማን እንደሚሸምነው፣ እንግዳዋ ስትጠይቅ እሱ ሳይደናቀፍ ያመጣል፤ አቶ አባይነህ ሲመልሱ ሳይደናቀፍ ይወስዳል። ፀደንያ ቆሎዋን እየቆረጠመች በልቧ ሥራዋን ትሰናበት ጀመር። እንግዳዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

ቃለአብ ወዲያው «አጎቴ፣ ስንት በግ እንዳለዎት ማወቅ ትፈልጋለች» አለ።

ጠላ ልትቀዳ የመጣችው የፀደንያ እናት ጥሩሸዋ መቅዳቷን አቆመች። መንዝ ላይ የሰው በግ አይቆጠርም፤ በአፍ የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። ሰው የገዛ ወንድሙን እንኳ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

አቶ አባይነህ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እግዜር የሰጠን አለ» አሉ ቀስ ብለው፤ ተነሡም። «እስቲ በረቱን ልየው።» ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። በጎቹም የሚመለሱት ወደ ማታ ነው።

እንግዳዋ ግራ ገብቷት ቃለአብን አየችው። እሱም ትከሻውን ሰብቆ «ሂ ደዝ ኖት ኖው» አላት። አያውቁም።

ፀደንያ እጇ ላይ የቀረውን ቆሎ መልሳ አስቀመጠች። ሥራውን ይውሰድ፤ አጎቷን ግን የበጎቻቸውን ነገር የማያውቁ ሰው አድርጎ ለፈረንጅ ይናገር?

«ኖ» አለች። እንግሊዝኛዋ ያን ዕለት እንደ እድል ሆኖ መጣ። «ሂ ኖውስ። የትኛዋ በግ የትኛዋ በግ ልጅ እንደሆነች ሁሉ ያውቃሉ። ግን እዚህ ስንት ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ዩ ሃቭ ቱ ኖው ሃው ቱ አስክ።»

ካለች በኋላ ደነገጠች። ቤት የመጣ እንግዳ «እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ አለብሽ» ይባላል?

ማርያን ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያም «እንግዲያው እንዴት እንደሚጠየቅ አንቺ አሳዪኝ» አለቻት።

«ነይ» አለች ፀደንያ፤ ወደ ውጭ ወጡ። አቶ አባይነህ ባዶውን በረት ከቦ የተካበውን ድንጋይ እያነሡ መልሰው ያስቀምጡ ነበር። ያልፈረሰ ካብ መካብ ሲጀምሩ የከፋቸው ለት እንደሆነ ፀደንያ ታውቃለች።

«አጎቴ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንግዳችን የዘንድሮው ውርጭ በጎቹን እንዴት እንዳደረጋቸው ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።»

አቶ አባይነህ ድንጋዩን እንደያዙ ዞሩ። «እሷ ናት እንዲህ ያለችው ወይስ አንቺ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ቃሉ የእኔ ነው» አለች። «ልቡ ግን የእሳቸው ነው። ስንት ማለት ነውር እንደሆነ አላወቁም ነበር፤ ነገርኳቸው። ይቅርታ ብለዋል።»

«ያም ልጅ አላወቀም?»

«እሱ በግ የሚያውቀው ለፋሲካ ነው።»

ቃለአብ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «ለገናም አውቃለሁ» አለ።

አቶ አባይነህ ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ድንጋዩንም አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ውርጩ በአንድ ሌሊት ሣሩን እንዴት እንዳቃጠለው፣ ጥቁሯ በግ የራሷ ግልገል ሞቶባት የሌላዋን እንዴት እንዳሳደገች፣ አውራው በግ በዚያ ሁሉ ብርድ ላቱ እንዳልቀነሰ፣ እናቱም አያቱም እንዲሁ እንደነበሩ ተናገሩ። ፀደንያ ለውርጭ እንግሊዝኛ አጥታ «ሣር ላይ የሚቀመጥ ነጭ ብርድ» አለችው። ለአውራ በግም ቃሉ ጠፍቷት በግንባሯ የቃለአብን ትከሻ ገጨች። ማርያን ሁለቱም ገቧት። የጠየቀችው ቁጥር ነበር፤ ያገኘችው የበጎቹን ዘር ማንዘር ነው፤ ቁጥሩንም ረሳችው።

ሲጨርሱ አቶ አባይነህ «ነገ ማለዳ በጎቹ ሲወጡ ይህ በር ላይ ትቁም በያት» አሉ። «ዓይኗን የሚከለክላት የለም። አፏን ብቻ ትያዝ።»

ፀደንያ ስትተረጉምላት እንግዳዋ ከት ብላ ሳቀች፤ እስከ ወገቧም ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸው።

«ቃለአብ፣ አንተ ደግሞ» አሉ አጎቱ «እንግሊዝኛህ መልካም ነው። ከነገ ጀምረህ ከበጎቹ ጋር ውረድ። እነሱም ያስተምሩሃል።»

«እሺ፣ አጎቴ» አለ፤ ደግሞ ብዙም አልከፋው።

አቶ አባይነህ ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ማኅበሩ ማን እንደተመረጠ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል አሁን አውቄያለሁ» አሉ።

«ምን ይላሉ?» አለች ፀደንያ፤ አፏ ቀድሟት።

«አንቺ እንዴት እንደሚጠየቅ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

ፀደንያ ከንፈሯን ነከሰች። ትንሽ አሰበች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አጎቴ» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ «ለመሆኑ ጓሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ዓይነት ጫማ ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?»

አቶ አባይነህ እግሮቿን አዩ፤ አሮጌ የላስቲክ ጫማዋን።

«ወፍራም» አሉ። «እላይ ጭቃ ነው። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»