መዝገቡ ላይ ያልተጻፈው መንገድ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኢምሪኽ ካርታውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሦስቱን ጫፎች በጨው ዕቃ፣ በዳቦ ቢላና በአረቄ ብርጭቆ፣ አራተኛውን በራሱ ክርን ያዘው። ካርታው መታጠፊያው ላይ ከማለቁ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለተራራው ማረፊያ ቤት ድንች፣ ከሰልና የቢራ በርሜል በጀርባው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነውና መንገዱን ለማወቅ ካርታ አስፈልጎት አያውቅም። ዛሬ የሚያቅደው ግን መንገድ በሌለበት ስለሚኬድ ጉዞ ነው።

ሐምሌ እየተገባደደ ነበር። በላይኛው ሸለቆ የቀረው በረዶ ቀልጦ ግራናይቱ ወጥቷል፤ እንግዲህ ባለፈው መስከረም ወጥቶ የቀረውን ልጃቸውን ራዶቫንን ፍለጋ መሄድ ይቻላል። በሕይወት ይገኛል የሚል ሰው የለም። እናቱ ዦፊያ የምትፈልገው የምትቀብረው አጥንት ነው። «እርሜን ላውጣ» ትላለች፤ ሌላ አትልም። የልጁ ልብስ አሥር ወር ሙሉ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጥቁር እንዳትለብስ ሬሳ አላየች፣ ጥቁር እንዳትተው ልጇ አልመጣ፤ ግራጫ ሹራብ ለብሳ መሀል ላይ ቀርታለች።

ጌይዛ ሳያንኳኳ ገባ። የራዶቫን የክርስትና አባት ነው፤ ከኢምሪኽ ጋር አብረው ተሸክመው፣ አብረው ጡረታ ወጥተዋል። ትከሻው ላይ ሠላሳ ሜትር ገመድ አንጠልጥሏል።

«አበልጄ፣ እኔስ መጣሁ። ጉልበቴ ግን ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጡረታ የወጣ ስለሆነ ለምኜ ነው ያስነሣሁት» አለና ወንበር ሳበ።

«ምላስህስ መቼ ነው ጡረታ የሚወጣው?» አለች ዦፊያ ከምድጃው ሳትዞር።

«እሱማ የሬሳ ሳጥኔ ውስጥም...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። በዚህ ቤት ያ ቃል አይነሣም። ኢምሪኽ አረቄ ቀዳለትና ወደ ካርታው ተመለሱ።

አራት ቀን ይበቃል አለ ኢምሪኽ፤ ፈጥኖ ለሚወጣ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፣ እነሱ ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየፈተሹ ነው የሚሄዱት። በመጀመሪያው ቀን እስከ ማረፊያ ቤቱ፤ በሁለተኛው ከእንቁራሪት ኩሬ ላይ ምልክት ያለውን መንገድ ትቶ በድንጋይ ናዳው ላይ ሽቅብ። እዚያ ያለው ድንጋይ አንዳንዱ ጎጆ ያክላል፣ አንዳንዱ ሲረግጡት ይገላበጣል፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዱ ሊኮሩ ይገባል። በሦስተኛው ቀን የቁራ ጥርስ የሚባለው በር፣ ከሁለት ሹል አለቶች መሀል። አራተኛው መመለሻ ነው። ድንኳን አይዙም፤ ሸራ ይበቃል። ዳቦ፣ የበግ አይብ፣ ጭስ የጠጣ የአሳማ ስብ፣ ዦፊያ ያደረቀችው ፕለም።

«ስቡን እኔ እይዛለሁ» አለ ጌይዛ። «አንተ ከያዝከው ገና ኩሬው ሳንደርስ ያልቃል። ቆይ፣ ገመዱ በሩ ላይ ይበቃናል? እዚህ ጋ የከፍታ መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጣብቀዋል።» ጣቱን እያስኬደ ሳለ ቆመ። መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። «ኢምሮ፣ ይሄ የእርሳስ መስመር የዛሬ አይደለም።»

ኢምሪኽ የጨው ዕቃውን ወደ ካርታው ጫፍ ገፋ አደረገ።

«ልጁ በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ የጻፈው በቢጫ ቀለም ምልክት የተደረገበትን መንገድ ነው። ገጹን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። የፈለግነውም ቢጫው ላይ ነው። ይሄ መስመር ቢጫውን የትም አይነካውም። እዚያ ምን ልንሠራ ነው የምንወጣው?»

እዚህ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእንግዳ የማይነገር አንድ ነውር አለ። ከማረፊያ ቤቱ የሚነሣ መንገደኛ ስሙን፣ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን መዝገብ ላይ ይጽፋል። ስልክ ኪስ ባልገባበት በዚያ ዘመን ሰው ቢጠፋ የሚፈለገው በዚያ መዝገብ ነበር። ነገር ግን ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ነውና ምልክት ካለው መንገድ መውጣት ክልክል ነው፤ መዝገቡንም ጠባቂዎቹ ያነቡታል። ስለዚህ የአገሩ ልጅ እውነቱን አይጽፍም። እውነቱን የሚጽፍ ከከተማ የመጣ ቱሪስት ነው፤ እሱም ይሳቅበታል። ኢምሪኽም ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ «ለመዝገቡ የጠባቂውን መንገድ፣ ቤት ለሚጠብቅህ ሰው የራስህን።» ከአባት ወደ ልጅ እንደ እርሻ ሲወራረስ የኖረ ብልሃት ነው። ብልሃት ይሉታል እንግዲህ!

«መስመሩን አብረን ነው ያሰመርነው» አለ ኢምሪኽ በመጨረሻ። «ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። አርብ ወጥቶ እሑድ ማታ ሊገባ።»

ምድጃው ዘንድ የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

«ታዲያ ሰኞ ዕለት የነፍስ አድን ሰዎቹ ሲጠይቁህ?»

«መዝገቡ ላይ ያለውን አልኳቸው።»

«ለምን? አንተ ሰው፣ ለምን?»

«ጥቅምት አንድ ሥራ ሊጀምር ነበራ! የፓርኩ ጠባቂ ሊሆን። ከክልክል ቦታ ተፈልጎ ወጣ ቢባል ማን ይቀጥረዋል? የዘገየ መሰለኝ፣ ጌይዛ። ወጣት አይደል፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው አልኩ። ሰኞ ራሴ መስመሩን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ቁራ ጥርስ በር። ሦስት ጊዜ አፏጨሁ። ስሙን ጠራሁ። ምንም የለም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወረድኩ። ማክሰኞ ቀትር ሳይሆን በረዶው ወገብ ደረሰ። ከዚያ በኋላማ ምን ይፈይዳል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ጌይዛ መነጽሩን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። «አሥራ ሁለት ቀን» አለ። «አሥራ ሁለት ቀን ቢጫው ሥር ያለውን ገደል በዱላ ስወጋ ከጎኔ ነበርክ። ሾርባ አካፍለኸኛል።» ቆቡን አነሣ። «ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ኢምሮ። አሁን ምን ልበልህ? እሄዳለሁ፤ ለልጁ ስል አብሬህ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ፊትህን ማየት አልችልም።» ገመዱን ወለሉ ላይ ትቶ ወጣ። በመስኮቱ ሲታይ ከፕለሙ ዛፍ ሥር ያለው የእንጨት መፍለጫ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቷል።

ኢምሪኽ የዦፊያን ጩኸት ጠበቀ። አሥር ወር ሙሉ የፈራው ይህንን ነበር፤ ተቃጥላ ስትጮህ፣ ድስት ስትወረውር፣ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ዘንድ ስትሄድ በሐሳቡ ስንት ጊዜ አይቷታል። የፈሩት ይደርሳል ነውና ደረሰ፤ ግን እንዳሰበው አልሆነም። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ መጥታም የጌይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እርሳሱን ስጠኝ» አለችው።

ሰጣት። በልጃገረድነቷ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ወጥ ቤት ነበረች፤ ያን ሸለቆ ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። ጣቷ እንቁራሪት ኩሬን አገኘ፣ መስመሩን ተከትሎ ወጣ፣ ከበሩ ሥር ሲደርስ ግን ቆመ። ከዚያ በእርሳሱ ወደ ግራ ታጥፋ፣ የተኩላ መደብ በሚባለው ጠባብ ጠርዝ ላይ አዲስ መስመር ጎተተች።

«አርብ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ነው የነገረኝ። ‹እማ፣ በሩ ላይ በረዶ ተጋግሯል አሉ፤ በታች በተኩላ መደብ ነው የምዞረው። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ የፍየል መንገድ ነው ብሎ ይቆጣኛል› አለኝ።»

ኢምሪኽ ክርኑን ከካርታው ላይ አነሣ። «ሰኞ ሰዎቹ እዚህ በር ላይ ሲጠይቁሽ...»

«አንተ ያልከውን አልኩ። መዝገቡ ላይ ያለውን። ዩኒፎርሙን የተኮስኩት እኔ አይደለሁም? ሲለካው እዚህ መስታወት ፊት ቆሞ እንዴት ይስቅ እንደነበር ያየሁት እኔ አይደለሁም?»

«ለእኔስ? ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«ሰኞ ማታ ልነግርህ ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆነህ ገባህ፤ የት ነበርክ ብልህ ‹ከሰዎቹ ጋር› አልከኝ። ሾርባህን ሳትነካ ተኛህ። ነገ አልኩ። ነገ በረዶ ሆነ። ከበረዶው በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ? ልጅህን የቀበርኩት በአፌ ነው ልበልህ?»

መጀመሪያ አዘነላት። ወዲያው ጠላት፤ እስከ አጥንቱ ድረስ ጠላት። ከዚያ የጠላው እሷ ላይ ያየውን የራሱን ሥራ እንደሆነ ገባውና አንገቱን ደፋ። አሥር ወር በአንድ አልጋ ተኝተዋል። እሱ ሲገላበጥ እሷ ነቅታ፣ እሷ ስትገላበጥ እሱ ነቅቶ፣ ሁለቱም ያንኑ ምስጢር ታቅፈው፣ ሁለቱም ብቻዬን ነኝ እያሉ። አንዱ እንኳ ቢተነፍስ ኖሮ ሰኞ ዕለት ሁለቱ መንገድ ይገጣጠም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ ሰዎች፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ልጃቸውን ከአፋፉ በታች ትቶታል።

«ሰኞ የቆምከው የት ላይ ነው?» አለች።

በሩን አሳያት።

«ከዚያ እስከዚህ ስንት ይሆናል?» እርሳሱ የተኩላ መደብ ላይ ነበር።

አውራ ጣቱን አስተኝቶ ለካ። ጣቱ ቦታውን ሸፍኖ ተረፈ። «ሦስት መቶ ሜትር» አለ። «ቢበዛ አራት መቶ። መሀሉ ላይ አለቱ ስለሚጋርድ ከላይ ሆነሽ አታዪውም።»

«ድምፅስ? ፉጨትህ እዚያ ይሰማል?»

ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተሸካሚዎች በዚያ ሸለቆ ከጥግ ጥግ የሚነጋገሩት በፉጨት ነበር። «ነፋስ ካለ አይሰማም» አላት።

«ሰኞ ነፋስ ነበር?»

ነበር ቢላት ታምነዋለች። በዚያ ቤት ከተዋሸው ሁሉ ለሰው የሚበጅ አንድ ውሸት ቢኖር ይኸኛው ነበር፤ እሱም አውቆታል። ምላሱ ግን በዚህ አሥር ወር መዋሸት ታክቶት ነበር።

«አልነበረም» አለ። «የኩሬው ውሃ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።»

ዦፊያ እርሳሱን ካርታው ላይ አስቀመጠች። በመስኮቱ ጌይዛን አየችው፤ አሁንም አልዞረም።

«እንግዲያ በሕይወት ከነበረ ሰምቶሃል» አለች። «ስትጠራው ሰምቶሃል። መልስ ለመስጠት አቅም አጥቶ፣ ትተኸው ስትወርድም ሰምቶሃል።»

አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ካርታው ላይ አጋጥማ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደተንበረከከችው ግንባሯን ጣቶቿ ላይ ደፋች።

«እሑድ ሞቶ በሆነ» አለች። «አምላኬ፣ ልጄ እሑድ ዕለት ሞቶ በሆነ።»

«አሜን» አለ ኢምሪኽ።