የተወለወለው የጳጳሳት ወርቅ

ሊቪዮ ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር። የሚስቱ አባት ኦቶሪኖ፣ የሮም ጳጳሳት የቦሎኛን ከተማ ይገዙ በነበረበት ዘመን የተመታውን የወርቅ ሳንቲማቸውን ለእሑዱ የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄዱ። ለሊቪዮ የደበዘዘ መስሎ ታየው። በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ፈተገው፤ ቦግ ሲልለት ደስ ብሎት ወደ ቦታው መለሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብሳቢዎቹ በቡና ቤቱ የጓዳ ክፍል ተገናኙ። ደንባቸው የታወቀ ነው፤ ሳንቲሙ በጠርዙ ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ባለቤቱ ዘንድ እስኪመለስ ማንም አይተነፍስም። በማጉያ መነጽራቸው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለይተው የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት ኦቶሪኖ ናቸው። ሽማግሌው ከዚህ ሌላ ክብር አልነበራቸውም።

ሊቪዮ ከኋላቸው ቆሞ ምስጋናውን ይጠብቃል። ሳንቲሙን መጀመሪያ የተቀበለው ሰው ቅንድቡን ሰበሰበ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ደግሞ ኦቶሪኖን ሐዘንተኛ እንደሚያዩ አያቸው።

ሳንቲሙ ዞሮ እንደ ተመለሰ ዝምታውን የሰበረው ነጋዴው ኤርሜቴ ነው።

«ኦቶሪኖ ወዳጄ፣ ከሹካና ከማንኪያ ጋር አጠብከው እንዴ? የስንት ዘመን ወዙን እኮ ገፍፈህ ጣልከው! አሁን ማን በዋጋው ይገዛዋል?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኦቶሪኖ ሳንቲሙን አገላብጠው ጭረቱን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው የሊቪዮን ፊት አዩ፤ በርበሬ መስሏል።

«ዓይኔ ደክሞ ነው» አሉ። «ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታየኝ ብዬ እኔው ወለወልኩት።»

«ዓይንህ ከደከመማ የሚፈርድልን ሌላ ሰው ልንፈልግ ነዋ!» አለ ኤርሜቴ። አሁን የሳቀ የለም።

ሊቪዮ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «እሳቸው አይደሉም፤ የፈተግኩት እኔ ነኝ» አለ።

ኤርሜቴ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «እሰይ! ለሚስቱ አባት ብሎ ጥፋት የሚሸከም! ለእኔ ልጅ ምነው እንዲህ ያለውን በሰጣት! ወይን ቅዱለት እንጂ!»

«እውነቴን ነው፣ በጥርስ ሳሙና…»

«በቃ ልጄ፣ ገብቶናል። ተባረክ።»

«አባባ፣ ንገሯቸው እንጂ!»

ኦቶሪኖ ማጉያ መነጽራቸውን ቀስ ብለው ወደ ኤርሜቴ ገፋ አደረጉት።

«እንግዲህ አንተ ያዘው» አሉ።

ሰዎቹ የሊቪዮን ትከሻ እየመቱ ሲያመሰግኑት፣ እሱ ወይኑን በእጁ እንደ ያዘ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።