ሦስተኛው ግልባጭ

ተላላኪው የመላኪያ መዝገቡን በመዝገብ ያዥዋ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያየችው የፈራሚዎቹን ዓምድ ነበር። ሰባት ኤንቨሎፕ ወጥቷል፤ ሰባቱም ተፈርሞባቸዋል። ከአምስቱ አጠገብ ቀንና ሰዓት ብቻ ሰፍሯል። በትምህርት ቤቱ መስመር ላይ ግን የጸሐፊዋ ክብ ክብ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ኤንቨሎፕ ተረክቤአለሁ። ለአሳዳጊ የተላከው ለተማሪዋ በእጇ ተሰጥቷል።»

«ዛሬማ እንደ ሰው ሠርተውልኛል» አለ ተላላኪው ኮፍያውን እያወለቀ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ የከተማውን መንገድ ሁሉ እግሩ በቃሉ የያዘለት ሰው ነው። «ሌላ ጊዜ ‹ነገ ና› የምትለኝ ጸሐፊ፣ ልጅቷን ከሰልፍ ላይ በስሟ አስጠርታ ወዲያው አስረከበቻት። ‹ለአጎትሽ ስጪ፣ የታችኛውን ቁራጭ አስፈርመሽ ነገ መልሺ› አለቻት። እኔም ቤታቸው ድረስ ከመንከራተት ተረፍኩ።»

መዝገብ ያዥዋ ቀና አለች። «ልጅቷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ እሺ አለች። ጨዋ ልጅ ናት።»

ተነስታ ከመደርደሪያው ማኅደሩን አወረደች። በዚህ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ያለ ቁጥር የወጣ ደብዳቤ፣ ያለ ቀን የገባ ማመልከቻ በእጇ አላለፈም። ባልደረቦቿ «እሜቴ ቁጥር» ይሏታል፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ አክብሮት ነው። የደብዳቤውን ቀሪ አወጣችና ቆማ አነበበችው። ደብዳቤው የተጻፈው ለፖሊስ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ከሦስት ሳምንት በፊት ብቻዋን ወደ ቢሮው መጥታ ለሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ የተናገረችው በስድስት መስመር ተቀምጧል፦ ስለ አሳዳጊ አጎቷ፣ አጎቷ ወደ ቤት ስለሚያመጣቸው ሰዎች፣ ከውጭ ስለሚቆለፍ በር። «አስቸኳይ ምርመራ እንዲደረግ እንጠይቃለን» ይላል። ከማኅተሙ በታች ደግሞ፦

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ
ለማኅደር
ለልጅቷ አሳዳጊ

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ባለሙያዋ ረቂቁን በእጇ ጽፋ ለመተየብ ከሰጠች በኋላ ለወሊድ ወጥታለች። ተያቢዋ እንደ ሁልጊዜው የቀደመውን ደብዳቤ ከፍታ፣ ላዩን አጥፍታ፣ አዲሱን ጽፋበታለች። የትምህርት ቤት ዝውውር ይሁን ክትባት፣ የልጅ ደብዳቤ ሁሉ ለአሳዳጊ ግልባጭ አለው፤ ግርጌውን የሚነካው የለም። ኃላፊው ፈርሟል። ከዚያ ወደ እሷ መጣ። እሷም ግልባጮቹን ቆጠረች። ሦስት መሆን ነበረባቸው፣ ሦስት ሆኑ። አጥፋ፣ አሽጋ፣ ቁጥር ሰጠች። ቆጥራ ነበር እንጂ አላነበበችም።

*

«ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ቁጥር ወጥቶለት የሄደ ደብዳቤ ነው» አለ ኃላፊው። «ቁጥሩን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ኃላፊው ቀሪውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሁለተኛው ጆሮዎቹ ቀሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም ሄዶ ይጠይቃል፣ ሲያዝን ያስተዛዝናል።

«አሳዳጊ እንዳያውቅ የሚል መመሪያ አለን?»

«የለንም።»

«እንዲያውቅ የሚልስ?»

«አለን።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ትይኛለሽ?» እስክሪብቶውን ጣል አደረገው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሂጂና አምጪው። ግን ቢሮው አልላከሽም። በራስሽ ነው የሄድሽው።»

ትምህርት ቤቱ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ በአሥራ ስምንት ደረሰች። በመንገድ ላይ ሐሳቧን በቅደም ተከተል ለመያዝ ሞከረች። ልጅቷ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ናት። ኤንቨሎፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳው ቤት እስኪገባ አጎትዬው አያውቅም። ስለዚህ ጊዜ አለ። ትንሿ የብረት በር ላይ ስትደርስ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሲወጣ ተገናኙ፤ ወደ ኋላ ብሎ በሩን ያዘላት።

«ግቢ እህቴ፤ ቀስ በይ፣ ደፉ ከፍ ይላል።»

አመስግናው ገባች።

የክፍሉ መምህር በር ላይ ቆሞ አነጋገራት። በትከሻው በኩል አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሃምሳ ያህል ልጆች ወደ እሷ ይመለከታሉ። «የትኛዋ ናት?» ብላ ስትጠይቅ ደነገጠች። የማኅደሩን ቁጥር፣ የቤቱን ቁጥር፣ የልደት ቀኗን በቃሏ ታውቃለች። ፊቷን አይታው አታውቅም።

«የለችም» አለ መምህሩ። «ሆዴን አመመኝ ብላ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አስፈቅዳኝ ወጣች።»

«አላመማትም» አለች ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ፤ ወዲያው ደግሞ በመናገሯ የደነገጠች መሰለች። መዝገብ ያዥዋ ወደ ደጅ ጠራቻት። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ተናገረች። «ሽንት ቤት ገብታ ደብዳቤውን ከፈተችው። ከዚያ ‹ግልባጭ ማለት ምንድነው?› አለችኝ። አንድ ወረቀት ለብዙ ሰው ሲሰጥ ነው አልኳት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደብተሯን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። ተቆጥታችኋታል እንዴ?»

«አይ የኔ ልጅ። አልተቆጣናትም።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር ጋበዛት። አልተቀመጠችም።

«አትጨነቂ፣ የሚገባውን አድርገናል» አላት። «ተማሪ ከግቢ ሲጠፋ አሳዳጊ እንጠራለን። ደወልንለት፤ ወዲያው ከተፍ አለ። ምስጉን ሰው ነው፣ የወላጅ ኮሚቴያችን ውስጥ አለ።»

«ምን ነገራችሁት?»

«ደብዳቤ ተሰጥቷት ነበር አልነው። ‹ምን ደብዳቤ?› አለ። እንግዲህ ግልባጭ ለእሱም ስለሚል፣ ለእኛ የደረሰንን አሳየነው።»

«አንብቦ ምን አለ?»

«ምንም። አመሰገነንና ሄደ። አሁን እኮ ነው የወጣው፣ በር ላይ አልተገናኛችሁም?»

ከፍ ያለው ደፍ፣ በሩን የያዘው ንጹሕ እጅ ትዝ አላት። ወደ ምክትሉ ዞረች።

«እናንተስ አንብባችሁታል?»

ምክትሉ መነጽሩን አስተካከለ። «የተጻፈው ለፖሊስ ነው። እኛ የምናውቀው በግልባጭ ነው።»

*

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ደብዳቤውን ወዲያው አገኘችው። ደርሷል፣ ተመርቷል፣ ቀጠሮም ተይዞለታል። መዝገብ ያዥዋ በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ንጹሕ አሠራር ታደንቅ ነበር።

«ልጅቷ ከትምህርት ቤት ጠፍታለች። ፈልጉልኝ።»

«የጠፋ ልጅ ማመልከቻ የሚያቀርበው አሳዳጊው ነው።»

«አሳዳጊዋ እኮ ነው የተከሰሰው!»

«ገና አልተከሰሰም። ቃሏን ስንቀበል ነው።»

«ቃሏንስ መቼ ነው የምትቀበሉት?»

ተረኛዋ ወረቀቱ ላይ ጣቷን አስኬደች። «ሐሙስ። አካለ መጠን ስላልደረሰች አሳዳጊዋ ይዟት ሲቀርብ…» ያለችውን ራሷ ሰማችውና ንግግሯን አቋረጠች። ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ እህቴ። መርማሪዋ ስትመለስ እነግራታለሁ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልችልም።»

ወጥታ መንገዱ ማዕዘን ላይ ቆመች። በግራ በኩል ብትታጠፍ የልጅቷ ቤት ሩቅ አይደለም። ምን ብላ ታንኳኳለች? ልጅቷ ቤት ከሌለች የሚከፍትላት እሱ ነው። ካለችም የሚከፍተው እሱ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሩ ድረስ መጥታ ብትመለስ፣ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የምትቀረው ልጅቷ ናት። እግሯን ወደ ግራ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ቢሮ ተመለሰች።

*

«አንዲት ተማሪ መጥታ ነበር» አላት ጥበቃው ገና ከበር ሳታልፍ። «በምሳ ሰዓት።»

«የት አለች?»

«ሄደች እንጂ። ዝግ ነው፣ ስምንት ሰዓት ነይ አልኳት፤ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ባለሙያዋን ነበር የፈለገችው። ወልዳለች፣ ከሦስት ወር በፊት አትመጣም አልኳት።» ጥበቃው ራሱን አከከ። «‹ምን ወለደች?› አለችኝ። ሴት አልኳት። ከዚያ ይህን ሰጥታኝ ተነሳች። የእናንተ ነው ብላለች።»

ኤንቨሎፑ ነው። የተከፈተው በጥንቃቄ ነበር፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ። ሁሉም ነገር እንዳለ አለ። አሳዳጊው ሊፈርምበት የሚገባው የታችኛው ቁራጭ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር ተጽፏል፦

«የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነው። እባካችሁ ቤት አትላኩብኝ።»

«በየት በኩል ሄደች?»

«ወደ ታች። ወይ ወደ ላይ። ሰው መጥቶ እያስፈረምኩት ነበር።»

«መልኳስ?»

«እንደ ተማሪ ናት» አለ ጥበቃው፣ ሌላ ሊጨምር ፈልጎ አጣና። «ሰማያዊ ሹራብ።»

ኃላፊው ቁራጩን ሲያነብ ትከሻው ሲወርድ አየች። «ይኸውልሽ፣ ደብዳቤው ተመለሰ። ልጅቷም ራሷ አቤቱታዋን አንስታለች።»

«ፈርታ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የማውቀው የተጻፈውን ነው።» በኅዳጉ ላይ «ማኅደሩ ይዘጋ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሲመልስላት ዓይኗን አላየም። «ገቢ መዝገብ ላይ አስፍሪው።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቁጥር ሰጠችው፣ ቀኑን ጻፈች። «ጉዳዩ» ከሚለው ዓምድ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ማስፈር የነበረባት «አቤቱታ ስለማንሳት» የሚል ነው። በሚያምረው የእጅ ጽሑፏ «እባካችሁ ቤት አትላኩብኝ» ብላ ጻፈች። ለማን እንደሚጠቅም አታውቅም። ይህን መዝገብ ከእሷ በቀር ገልጦ የሚያየው የለም።

ሊወጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ስልኩ ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የወንድ ድምፅ። ገና ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ አወቀችው። «የልጅቷ አጎት ነኝ። ደብዳቤያችሁን አንብቤዋለሁ። አልተቀየምኩም፤ ልጅ ናት፣ ልጅ ብዙ ነገር ይላል። እስካሁን ቤት አልገባችም። እናንተ ጋ መጥታ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ቤት አልገባችም። በሩ አልተቆለፈባትም። ወዲያው ደግሞ ታየቻት፦ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ያለ ደብተር፣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ የማን ደጅ ላይ?

«ሰሙኝ?» አለ ድምፁ።

«ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» አለች።

«እህቴ፣ ልጅ ጠፍታብኝ እኮ ነው።»

«በጽሑፍ። ከመታወቂያ ቅጂ ጋር። ቁጥር ይሰጠዋል፣ በተራው ይታያል።»

«በስንት ቀን?»

«በአሥራ አምስት የሥራ ቀን።»

መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው። ከወዲያ በኩል ሰውየው ሳቅ ያለ መሰላት፣ ለስላሳ፣ የታጋሽ ሰው ሳቅ።

«እሺ፣ እንደ አሠራራችሁ» አለ። «እኔም አልቸኩልም። የት ትሄዳለች? ከእኔ በቀር ማንም የላትም። ሲመሽ ራሷ ትመጣለች።»

ዘጋው።

ባልደረቦቿ ቦርሳቸውን እያነሱ «ደህና ዋዪ እሜቴ ቁጥር» እያሉ አለፉ። መጨረሻ ላይ ወጣች። ከቢሮው ፊት ባለው መንገድ የከሰዓት ተማሪዎች ተለቀው ይጎርፋሉ። ሁሉም ሰማያዊ ሹራብ፣ ሁሉም ቦርሳ በጀርባ፤ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ጫማዋን ታስራለች። ቦርሳ የሌላት ልጅ በዓይኗ ፈለገች። አንዲት አየች፤ ቦርሳዋን ጓደኛዋ ይዛላት ነበር።

«እሜቴ፣ ልዘጋ ነው» አለ ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ። «ረስተሽው የወጣሽው ነገር አለ?»

«የለም። ዝጋው» አለችና ልጅቷ በምሳ ሰዓት ተቀምጣበት የነበረው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እዚህ ውጭ ነኝ።»