የጋሽ ዳምጠው ብርድ

ሽመክት በካራቫኗ ግድግዳ ላይ የበሳው ቀዳዳ ወደ ውጭ አልወጣም። የወጣው ደጋ ላይ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ፣ የሚስቱ ወላጆች ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ካራቫኗ የቆመችው አፋር በረሃ ላይ፣ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ዳር ነበር። ከዚያ መሐል ሜዳ ለመድረስ አውቶቡስ እየቀያየሩ መንገድ ላይ ማደር ያስፈልጋል። ቀዳዳው ግን ከቆርቆሮው ውፍረት የበለጠ ርዝመት አልነበረውም፤ ስፋቱም የጣሳ አፍ ያህል ነው።

ሽመክት ሲበሳው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ካራቫኗ በመኪና የምትጎተት፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ አልጋና ጠረጴዛ ከያዘች በኋላ ለሰው ቦታ የሚቸግራት ቤት ናት። ግሬደር ነጂ ስለሆነ እንደ ክብር ሰጡት። ሚስቱ ብርዛፍ ቀኗ ሳይደርስ እዚያው ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ ሙቀቱን አልቻለውም። መጀመሪያ ገላው ሽፍ አለ፤ ቀጥሎ ማልቀስ ተወ፤ በመጨረሻ ጡት መያዝ ተወ። የካምፑ ነርስ አየችውና ቀዝቃዛ ቦታ ካላገኘ እንደማይቆይ፣ በዚህ ሐሩር መኪና ላይ ከተጫነ ደግሞ መንገድ ላይ እንደሚቀር ተናገረች። ቀዝቃዛ ቦታው የት እንዳለ አልነገረችም። ኤሲ እንዳይገጥም የካምፑ ጄኔሬተር ለቢሮዎቹ እንኳ አይበቃም።

ይባስ ብሎ አማቱ እማማ ወላንሳ ልጃቸውን ሊያርሱ ከመሐል ሜዳ ወረዱ። ጓዛቸውን ሳያስቀምጡ ሁለቱን መስኮቶች ዘግተው በብርድ ልብስ ጋረዱ። አራስ ንፋስ ይመታታል። ሽመክት ሊከራከር ሞከረ፤ ግን በምን አቅሙ። የመጡበት አውቶቡስ በረሃውን ያቋረጠው መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነው፤ ተሳፋሪው በላብ ሲጠመቅ አንድ ሰው ክፈቱ አላለም። አገር በሙሉ ከእማማ ወላንሳ ጎን ነበር።

ስለዚህ የራሱን ማቀዝቀዣ ሊሠራ ተነሣ። ከተጣለ ፒካፕ የራዲያተር ማራገቢያ ፈታ፣ ጀሪካን ለሁለት ቆረጠ፣ የረጠበ ጆንያ አለበሰው፣ ባትሪ አዘጋጀ። ቀዳዳውን አማቱ እንዳያዩበት ከአልጋው ግርጌ፣ ከውኃው በርሜል ጀርባ በሳው። የተቆረጠው ቆርቆሮ ወደዚያ ወደቀ። መሬት ሲነካ ድምፅ ሰማ።

“ማነው?” አለ ከወዲያ አንድ ሰው።

“እኔ ነኝ አባባ፤ ሽመክት።”

የብርዛፍ አባት ጋሽ ዳምጠው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኋላቸው የገብሱ ጎታ ይታያል። ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ሰላምታ ተለዋወጡ። ጤናውን፣ ሥራውን፣ የአገሩን ዝናብ፣ ግሬደሩን ሳይቀር ጠየቁት። እሱም በጎቹን ጠየቀ። ደንቡ ሲያልቅ ወደ ዋናው ነገር ደረሱ።

“ልጁ ጠባ?”

“አልጠባም አባባ። ሙቀቱ ነው።”

ጋሽ ዳምጠው ትንሽ አሰቡ። “ብርድ እዚህ ሞልቷል፤ ውሰዱ” አሉ። “ለወላንሳ ብቻ እንዳትነግራት። ንፋስ ነው ብላ ትደፍነዋለች።”

ብርዱ መጣ። ማራገቢያው ሳይገጠም፣ ጆንያው ሳይነካ፣ የበግ አጎዛና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይዞ በአልጋው ሥር ገባ። ሕፃኑ በዚያው ቀን ጠባ። ሽመክት ደስታውን የሚያደርስበት አጥቶ ግሬደሩን አጠበ። እማማ ወላንሳ በበኩላቸው መስኮቱ በመዘጋቱ ልጁ መዳኑን ለካምፑ ሰው ሁሉ አስረዱ።

ካራቫኗ ውስጥ የነበረው ሙቀት ደግሞ መሄጃ ያስፈልገው ነበርና ጋሽ ዳምጠው ጋ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ተስማማቸው። ጉልበታቸው ተፍታታ፤ ጓዳ ውስጥ ጋቢ ሳይለብሱ ተቀመጡ። እማማ ወላንሳ ገንፎ ሊያገነፉ ወደ ውጭ ሲወጡ ጋሽ ዳምጠው ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳው ዘንበል አድርገው ልጁ ሲጠባ ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጧፉ ቀለጠ። ጎታ ውስጥ ያለው ገብስ በቀለ። ዶሮዋ ትታው የሄደችው እንቁላል ብቻውን ተፈለፈለ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ዳምጠው ለቅሶ ለመድረስ ወጡ፤ የእድር ሰው ስለሆኑ የማይቀሩበት ነው። ወዲያው ብርዱ ተቋረጠ፤ ሕፃኑም ዝልፍልፍ አለ። ጓዳው ያው ጓዳ ነው፤ የደጁም ውርጭ አልቀለጠም። እሳቸው ተመልሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ብርዱ ተመለሰ። ለካ ብርዱ የቤቱ አልነበረም፤ የእሳቸው ነበር።

“ከልጅነቴ ጀምሮ አጥንቴ ውስጥ የገባ ብርድ ነው” አሉ ጋሽ ዳምጠው። “ለማን ልተወው?”

ፊታቸው ቀልቶ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ሽመክት እንዴት እንደሆኑ ጠየቃቸው፤ ደህና ነኝ አሉ። ለአማች አመመኝ ይባላል? እሱም ደግሞ ቢጠይቅ ቃላቸውን እንዳላመነ ይቆጠርበታልና ይሉኝታ ያዘው። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ በየቀኑ ደህና ናቸው። ሁለተኛ መጠየቅ አልቻለም። ቢጠይቅና እውነቱን ቢነግሩት ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ይሉኝታው ለራሱም ጠቀመው።

ብርዛፍ ሁሉንም ከአልጋዋ ትሰማ ነበር። የአባቷ ትንፋሽ ሲያጥር የሰማች ዕለት “ዝጋው” አለችው። ሽመክት ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው። ቡና ፈልቶ በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ልጁ ጡቷን ለቀቀ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ዞረ። ብርዛፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ “ክፈተው” አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀዳዳው አልተነጋገሩም።

ሽመክት ሌላ መላ ፈለገ። በተቃራኒው ግድግዳ ሁለተኛ ቀዳዳ በሳ፤ ምናልባት ሌላ ሰው፣ ሌላ ብርድ ያለበት አገር ይወጣ ይሆናል ብሎ። እዚያው ጓዳ ወጣ። ልዩነቱ በዚህኛው የጋሽ ዳምጠው ጀርባ መታየቱ ብቻ ነው። ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየ። ምን ብሎ ይጥራቸው? ሁለተኛውን ቀዳዳ ደፍኖ ወደ ሥራው ሄደ፤ ግሬደሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ቀትር ላይ ሲመለስ ካራቫኗ እንደ ምድጃ ትፋጅ ነበር። እማማ ወላንሳ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈዋል።

“በርዶታል” አሉት።

ሽመክት የልጁን ጉንጭ ነካ። እንደ ምንጭ ዳር ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ልጁ ግን ደህና ነበር፤ ይራገጣል፣ ጡት ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለስላሳ ፀጉሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ብርዛፍ እንደ ተኛች ነበረች፤ ትራሷ ርሷል።

እማማ ወላንሳ ብርድ የያዘው ሕፃን ምን እንደሚደረግለት ባላቸውን ልጠይቅ አሉና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ከበርሜሉ ጀርባ ስልክ ጮኸ።

“የማን ነው?”

“የጎረቤት ነው እማማ” አለ ሽመክት።

ተንበርክኮ በቀዳዳው አየ። ብርድ አይመጣም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ ሙቀት ብቻ ፊቱን ነካው። በርጩማው ላይ ጋቢው ሰው እንደለበሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ውስጡ ማንም የለም። ስልኩ ጭኑ በሚሆንበት ቦታ ላይ ይጮሃል።

“አያነሳም” አሉ እማማ ወላንሳ። “በጎቹን ሊያይ ወጥቶ ይሆናል።”

“ይሆናል” አለ ሽመክት።

ስልኩ ዝም አለ። እማማ ወላንሳ የመስኮቱን መጋረጃ አጠበቁና ልጁን ለብርዛፍ ሰጧት። ልጁ አንድ ጊዜ ሳለ፤ ደረቅና ረጅም የሽማግሌ ሳል ነበር። ከዚያ መጥባት ጀመረ። ጓዳው ውስጥ ጋቢው ቀስ ብሎ ወደ ቀዳዳው ዘንበል አለ።